አዲሱ የኤስፕሬሶ ማሽን ቤት ሲገባ፦ ከሶኬቱ እስከ ማኪያቶው

ማሽኑ የመጣው ከዱባይ ነው። እህቴ የራሷን ልብስ ቀንሳ ሻንጣ ውስጥ ወትፋ አመጣችው። የመጀመሪያውን ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ከበበው። ቁልፉን ስጫን አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሲኒው ላይ ጠቆር ያለ ውሃ ተፋ። እማዬ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ሲኒውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ የሳል መድኃኒት?»

ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር አልፏል። አሁን ጠዋት ተነስቼ ቁልፉን የምጫነው ሳልፈራ ነው። በመሃል ግን ብዙ ቡና ደፍቻለሁ፤ አንድ መፍጫም አቃጥያለሁ። እናንተም ማሽን ገዝታችሁ ወይም ተልኮላችሁ ከሆነ፣ እኔ የደፋሁትን ያህል እንዳትደፉ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አብዛኞቻችን ቡና ማፍላት የተማርነው በጀበና ነው። ጀበና ይቅር ባይ ነው። ቢወፍር ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ ቢቀጥን ቡና ይጨመርበታል። ልኩ በዓይን ነው፣ መድረሱ በሽታው ነው። ማሽኑ እንዲህ አይደለም። ግማሽ ግራም ይቆጥራል፤ ሰከንድ ይቆጥራል። ከጀበና የተማርነው ግማሹ እዚህ አይሠራም። ሌላው ቀርቶ «ቡና ማለት አሁን ተቆልቶ አሁን ሲጠጣ ነው» የሚለው ራሱ አይሠራም። ወደሱ እመለስበታለሁ።

ከመሰካታችሁ በፊት

ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከሥሩ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፋለች። እሷን አንብቡ። ከ220 እስከ 240 ቮልት የምትል ከሆነ እሰየው። 110 ወይም 120 የምትል ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። የአሜሪካ ዕቃ ነው፤ የኛ መስመር ደግሞ 220 ነው።

ያቃጠልኩት መፍጫ ታሪኩ ይኸው ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞልኝ መጣ። ስፒናው ከሶኬታችን ጋር ስላልገጠመ ከሱቅ መቀየሪያ ገዝቼ ሰካሁት። ለሦስት ሰከንድ እንደ ጄት ጮኸ። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ከዚያ ጸጥ። ለካስ መቀየሪያ የሚቀይረው የስፒናውን እግር ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው። የቡና ማሽን ግን ማሞቂያ ስላለው ከ1,400 እስከ 1,600 ዋት ይስባል። ያን የሚችል ትራንስፎርመር ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ውድም ነው። ስለዚህ «ማሽን ልላክልህ?» የሚል ዘመድ አሜሪካ ካላችሁ አመስግናችሁ በምትኩ ሚዛን እንዲልክ ንገሩት። ሚዛን በባትሪ ነው የሚሠራው።

ከዱባይ የመጣው ቮልቱ ችግር የለበትም። ስፒናው ግን ሦስት ወፋፍራም ባለ አራት ማዕዘን እግር ነው። እዚህ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም ደህናው። ቀላሏ ፕላስቲክ ለስልክ ቻርጀር እንጂ ለዚህ አትሆንም፤ ትግላለች፣ ትቀልጣለች። ማሽኑን፣ ፍሪጁንና ምጣዱን አንድ ዲቫይደር ላይ አትደርድሩ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሶኬት ንቀሉት። ሲመለስ ዘሎ የሚመጣው ኮረንቲ የማሽኑን ኤሌክትሮኒክስ ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ውሃ

ታንከሩን እጠቡና ሙሉት። ቡና የለም ገና። እጀታውን (የቡናው ማጣሪያ የሚቀመጥበትን ባለ መያዣ ብረት) ባዶውን ግጠሙና ውሃ ልቀቁ፤ ሁለት ሦስት ትልልቅ ኩባያ ይፍሰስ። በእንፋሎቱ ቱቦም እንዲሁ። የፋብሪካ ሽታና አቧራ የሚወጣው በዚህ ነው።

ፓምፑ እየጮኸ ውሃ እምቢ ካለ አትደንግጡ። ውስጡ አየር ይዟል። የእንፋሎቱን ወይም የሙቅ ውሃውን መክፈቻ ክፈቱለት፣ ትንሽ ተንገጫግጮ ይለቃል። በባዶ ታንከር ግን አታስጩሁት፤ ፓምፑን የሚገድለው እሱ ነው።

አሁን እኔን ሁለት ቀን ያሳጣኝን ነገር ልንገራችሁ። ቡና ሳይኖርበት ውሃውን ስለቀው ከማሽኑ ራስ (እጀታው ከሚገጠምበት) ፍሽሽሽ እያለ ግማሹ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ተበላሽቷል ብዬ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ነገሩ የከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ማሽኑ ደግሞ ውሃውን 93 ገደማ እንዲያደርስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ውስጥ ግፊት ስላለ አይፈላም። ባዶውን ወደ አየር ሲወጣ ግን ወዲያው ይፈላል። ቡና ተጠቅጥቆ ሲገጠምበት ቡናው ራሱ ግፊቱን ይይዝለታል። ስለዚህ ጤነኛ ነው። ሙቀቱን በአንድ በሁለት ዲግሪ ማስተካከል የሚቻልበት ማሽን ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ እኔ በ92 ደስተኛ ነኝ።

ካርቶኑ ላይ «15 ባር» የሚል በትልቁ ተጽፎ ይሆናል። አትኩሩበት። ኤስፕሬሶ የሚወጣው በ9 ባር ገደማ ግፊት ነው። 15 ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ እንጂ ቡናው የሚያገኘው አይደለም። 20 የሚል ስላያችሁ ብቻ ዋጋ አትጨምሩ።

ቡናው

እዚህ ላይ ከእማዬ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል።

ጠዋት ምጣድ ላይ ቆላሁ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ወዲያው ፈጭቼ ማሽኑ ላይ ጫንኩ። የወጣው ግን ከላይ እስከ ታች አረፋ ነው። ሲኒው ሞልቶ ደስ ሲለኝ፣ አረፋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተኮማትሮ ከታች ሁለት ጉንጭ ኮምጣጣ ነገር ቀረ። እማዬ «ቡናውን አሳርረኸዋል» አለች። አላሳረርኩትም። ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታመቃል። በጀበና ይህ ጋዝ ሲንተከተክ ወጥቶ ይሄዳል። በማሽን ግን 30 ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ውሃውና ጋዙ እየተጋፉ ነው የሚያልፉት፤ ውሃው ቡናውን በደንብ ሳያገኘው ይወጣል።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ቆልታችሁ፣ በደንብ አቀዝቅዛችሁ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድናችሁ ከአንድ ሳምንት እስከ 10 ቀን አሳርፉት። የዕቃውን ክዳን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልፎ አልፎ ከፈት አድርጉለት፤ ጋዙ ይውጣ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ካረፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ጥሩ ነው። አሁን ቤታችን ሁለት ጣሳ አለ። አንዱ የእማዬ ነው፣ የዛሬ ጠዋት ቁሌት። ሌላው የኔ ነው፣ ቀኑ የተጻፈበት። መሳሳት ክልክል ነው።

አቆላሉም ትንሽ ይለያል። ፍሬው መንጣጣት ጀምሮ ሲጨርስ፣ ቡናማ ሆኖ ገና ዘይት ሳያወጣ አውርዱት። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሲሆን መፍጫው ውስጥ ይጣበቃል፤ ሲኒው ላይም ከሰል ከሰል ይላል። ምጣድ ላይ እኩል አይቆላም፤ እጃችሁን ሳታሳርፉ ማመስ ነው። ከቆዪ ቤት መግዛትም ነውር የለውም። ስትገዙ ግን ሳይፈጭ፣ የተቆላበትን ቀን ጠይቃችሁ።

የየትኛው አገር ቡና? እንደኔ ከሆነ በይርጋጨፌ አትጀምሩ። የታጠበ ይርጋጨፌ የአበባ ሽታውና ጎምዘዝ ማለቱ ነው ክብሩ። ይህ ጎምዘዝ ማለት በማሽን ሲጨመቅ ይበረታል፤ ጀማሪ ደግሞ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት ወይስ ቡናው ነው?» የሚለውን መለየት ይቸግረዋል። በደረቁ የተዘጋጀ የጅማ ወይም የሐረር፣ መካከለኛ የተቆላ፣ ወፈር ብሎ ይወጣል፣ ስህተትም ይችላል። እጃችሁ ሲስተካከል ወደ ይርጋጨፌ ሂዱ። ያኔ ሌላ ዓለም ነው።

መፍጫ

ገንዘብ ካላችሁ ከማሽኑ ይልቅ መፍጫው ላይ አውጡ። ይህን ማንም ስላልነገረኝ ነው የምጮኸው።

ሙቀጫና ዘነዘና ለጀበና ንጉሥ ነው። ለማሽን ግን ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ይሆናል። ውሃ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ቀዳዳ ባገኘበት ይሮጣል። በክኩ በኩል አልፎ ይሄዳል፣ ዱቄቱን ትቶ። በምላጭ የሚቆርጠው ትንሹ ኤሌክትሪክ መፍጫም ያው ነው። የሚያስፈልገው በሁለት ጥርሳም ዲስኮች መሃል እየጨመቀ የሚፈጨው፣ ልኩ በደረጃ የሚስተካከለው ዓይነት ነው። በእጅ የሚዞር ጥሩ መፍጫም ይሆናል። መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ በዚያ ላይ ክንድ ያጠነክራል።

የላመቱ ልክ ከደቃቅ ጨው ላም ያለ፣ ከዱቄት ደግሞ ሻከር ያለ ነው። በሁለት ጣት ቆንጠር ስታደርጉት ተያይዞ መቆም አለበት፤ ስትፈትጉት ደግሞ ሻከር ማለቱ ይሰማችሁ።

መፍጫ እስክትገዙስ? ከማሽኑ ጋር የመጡትን ማጣሪያዎች ወደ ብርሃን አንስታችሁ ከሥር እዩአቸው። አንዱ እንደ ወንፊት ብዙ ቀዳዳ አለው። ሌላው ከሥሩ አንዲት በጣም ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው። ይሄ ባለ አንድ ቀዳዳው ግፊቱን ራሱ ስለሚፈጥር ከሱቅ ተፈጭቶ የመጣ ቡና ይቀበላል። አረፋው ትንሽ የውሸት ነው፤ ግን ይጠጣል። ቡና ቤት ስታስፈጩ «ለማሽን» በሉ፤ ካላላችሁ ለጀበና ነው የሚፈጩላችሁ። ትንሽ ትንሽ አስፈጩ፤ የተፈጨ ቡና ሽታው በሰዓታት ነው የሚሸሸው።

አንድ ሲኒ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እስካሁን ያወራነው ዝግጅቱን ነው። አሁን ሥራው።

ማሽኑን አብሩና ይሙቅ። ትንንሾቹ «ዝግጁ ነኝ» የሚል መብራት በአንድ ደቂቃ ያሳያሉ፤ አትመኑት። ውሃው ሞቆ ይሆናል፤ ብረቱ ግን አልሞቀም። እጀታውን ገጥማችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተዉት። ማሽኑ ትልቅ ቦይለር (የውሃ ማሞቂያ ጋን) ካለው 20 ደቂቃ። ሲኒዎቹ ከላይ ይቀመጡ። ቀዝቃዛ ብረትና ቀዝቃዛ ሲኒ ከምትሠሩት ጥፋት ሁሉ ትልቁ ነው።

ሚዛን አምጡ። ወርቅ ቤት የምታዩት ዓይነት፣ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን። ለሁለት ሲኒ የሚሆነው ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 18 ግራም ይይዛል። የኔ 18 ነው። ማንኪያ ቆጥራችሁ አይሆንም፤ ቡናው በተቆላበት ልክ ክብደቱ ይለያያል።

ፈጭታችሁ ማጣሪያው ውስጥ ጨምሩ። ጓል ጓል ይሆናል። እዚህ አንዲት ዘዴ አለች። የወይን ጠርሙስ ቡሽ ላይ ሦስት አራት ቀጫጭን መርፌ ሰካሁና ዱቄቱን ከሥር ጀምሮ በሷ እበትነዋለሁ። ሚስቴ መጀመሪያ ስታየኝ ጥንቆላ መስሏት ነበር። ግን ይህች ትንሽ ነገር ያመጣችልኝን ያህል ለውጥ ያመጣልኝ የለም። ጓሉ ሲበተን ውሃው የሚሾልክበት ስንጥቅ ያጣል።

ከዚያ መጠቅጠቅ። ክርናችሁ ከላይ ይሁን፣ መጠቅጠቂያው ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ቡናው መታመቁን እስኪያቆም ተጫኑ። በቃ። ጉልበት ማሳያ አይደለም። ዋናው የቡናው ፊት እንዳያጋድል ነው። ካጋደለ ውሃው በሳሳው በኩል ይሄዳል። የማጣሪያውን ከንፈር በጣታችሁ ጥረጉ፤ እዚያ የቀረ ዱቄት ጎማውን ያበላሻል።

ለአንድ ሁለት ሰከንድ ባዶ ውሃ ልቀቁ፣ እጀታውን ግጠሙ፣ ሲኒውን ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ከሥር አስገቡ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት መቁጠር ነው።

መጀመሪያ ዝምታ። ከአምስት እስከ ስምንት ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጠብታ ይታያል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ማር የሚጎተት። ጠብታው ወደ ክር ይለወጣል። ጣሊያኖች ይህን ክር «የአይጥ ጭራ» ይሉታል፤ ምግብ ላይ የሚነሳ ስም ባይሆንም ልክ ነው። ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ወርቃማ ይሄዳል። ሲገረጣና ሲሳሳ መጥፎው መጣ ማለት ነው። ለ18 ግራም ቡና 36 ግራም ሲኒው ውስጥ ሲገባ አቁሙ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ከፈጀ ልኩ ውስጥ ናችሁ።

ከላይ የሚንሳፈፈው ወርቃማ አረፋ ክሬማ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኤስፕሬሶ ሁልጊዜ ክሬማ አልነበረውም። የድሮዎቹ ማሽኖች ቡናውን በእንፋሎት ነበር የሚገፉት። ክሬማው የመጣው ጣሊያናዊው አኪሌ ጋጂያ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሞላና በማንሻ የሚሠራውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ ክሬማ ሳሳ ብላችሁ አታልቅሱ። ዳኛው ምላስ ነው።

መቅመስና ማስተካከል

ስኳር ሳታስገቡ ቅመሱ። አማስሉት መጀመሪያ፤ ከላይና ከታች ጣዕሙ ይለያያል።

ጎምዛዛ፣ ቀጭን፣ የምላስን ጎን የሚይዝ ከሆነ ውሃው ቶሎ ነው ያለፈው። መፍጫውን ወደ ላመው አዙሩ። ምሬቱ የሚቆይ፣ ምላስ የሚያደርቅ፣ እንደ አመድ ከሆነ ውሃው ዘግይቷል። ወደ ሻከረው አዙሩ። ጎምዛዛም መራራም አንድ ላይ ከሆነ ቡናው ማጣሪያው ውስጥ እኩል አልተበተነም። ወደ መርፌውና ወደ መጠቅጠቂያው ተመለሱ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። መፍጫውንም፣ መጠኑንም፣ ሙቀቱንም አንድ ላይ ከነካካችሁ ማን እንዳስተካከለው አታውቁም። መፍጫውን ስታዞሩ ደግሞ ውስጡ የቀረ የቀድሞው ዱቄት አለ፤ ጥቂት ግራም ፈጭታችሁ ድፉ።

የአንዱን ቅዳሜ ጠዋት ከደብተሬ ልገልብጥላችሁ። አዲስ ከረጢት፣ የጅማ። የመጀመሪያው፦ 18 ግራም ገብቶ 36 ወጣ፣ በ12 ሰከንድ። ሎሚ። ሁለት ደረጃ አላምኩት፦ 19 ሰከንድ። ይሻላል፣ አሁንም ይቆነጥጣል። አንድ ደረጃ ጨመርኩ፦ 27 ሰከንድ። ይህን ስቀምስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ወፍራም፣ የተቆላ ለውዝ የመሰለ፣ መጨረሻ ላይ ጣፈጥ የሚል። ከዚያ እማዬን ጠራኋት።

ጀበና ላይ ጠንካራው አቦሉ ነው፤ በረካው ይሳሳል። ማሽን ላይ፣ አዲስ ቡና የከፈታችሁ ዕለት፣ ተገላቢጦሽ ነው። አቦሉንና ቶናውን ደፍታችሁ በረካውን ነው የምትጠጡት። በማግስቱ ግን መፍጫው ልኩ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያውም ይጠጣል።

በመሃል መብራት ቢሄድስ? ይሄ ከደረሰብኝ የምናገረው ነው። ቡናው እየወጣ ሳለ ጭልም አለ። እኔም በንዴት እጀታውን ወዲያው ፈታሁት። ግፊቱ ውስጥ ነበር። ቡም አለና አተላው ጣራ ነካ፤ ነጭ ሸሚዜ ለቤተክርስቲያን የተዘጋጀ ነበር። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ነው የምትፈቱት።

ወተት

የአዲስ አበባ ሰው ማሽን የሚገዛው እውነቱን ለመናገር ለማኪያቶ ነው። የጣሊያኑ ማኪያቶ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ ያለች ወተት ናት። የኛው ወተቱ በዛ ያለ፣ ጠቆር ወይም ነጣ ተብሎ የሚታዘዝ ሌላ ነገር ሆኗል። እኔ የኛውን ነው የማስተምረው።

ወተት ውድ ነው፤ በወተት አትለማመዱ። ጆጉ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጉበት። ሲናጥ ልክ እንደ ወተት ነው አረፋ የሚያወጣው። አሥር ጊዜ በሱ ተጫወቱ። ከዚያ ጆጉን በደንብ እጠቡ፤ ይህን መናገር ባያስፈልገኝ ደስ ባለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ወተት፣ ጆጉ ግማሽ ሳይሞላ። መጀመሪያ እንፋሎቱን ወደ ጨርቅ ልቀቁት፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ይውጣ። የቱቦውን ጫፍ ከወተቱ ፊት በታች ትንሽ ብቻ፣ ከመሃል ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጋችሁ ያዙና እስከ መጨረሻው ክፈቱት። የምትሰሙት ድምፅ ቀጭን ወረቀት ቀስ እያለ ሲቀደድ ነው፤ ጭ ጭ ጭ። ለማኪያቶ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ጆጉን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ጫፉ ይስመጥ፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ወተቱ እንደ አዙሪት ይሽከረከር። ያኔ ነው ትልልቁ አረፋ ተፈጭቶ እንደ ቀለም የሚያብረቀርቀው።

ሌላኛው እጃችሁ ጆጉ ጎን ላይ ይሁን። «ሞቀ» ሳይሆን «መያዝ አልቻልኩም» ሲል ዝጉት፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ70 ካለፈ የወተቱ ጣፋጭነት ይሄዳል፣ የፈላ ወተት ሽታ ይመጣል። ቤት ውስጥ «ወተት ካልፈላ» የሚል ሰው አይጠፋም። በፋብሪካ የታከመ የታሸገ ወተት ከሆነ ማፍላት አያስፈልገውም። ከላም ወዲያው የመጣ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አፍሉት፣ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ናጡት።

ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና እንፋሎት አስተንፍሱት። አንዴ ከደረቀበት ቢላ ነው የሚፈልገው። ጆጉን ጠረጴዛ ላይ አንዴ ጠቅ፣ ከዚያ አሽከርክሩ፣ ከዚያ ቅዱ። አበባ መሳል በኋላ ይመጣል። የኔ እስካሁን የሚመስለው ድንች ነው።

በጾም ጊዜ የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። ስትገዙ ግን ካርቶኑ ላይ ለባሪስታ የተባለውን ምረጡ፤ ተራው ቡናው ውስጥ ሲገባ ሊቆራረጥ ይችላል። ወተት ጨርሶ ካልፈለጋችሁ ስፕሪስ አለ። ስኳር የገባበት ወፍራም ሻይ በብርጭቆ ግማሽ ድረስ፣ ከላይ ኤስፕሬሶው በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። ለሁለት ተከፍሎ ሲቆም ልጆች ይደነቃሉ።

ጽዳት

እጀታውን ፈትታችሁ አተላውን አራግፉ፤ ለአበባ ተክል ይሆናል። የማሽኑን ራስ በጨርቅ ጥረጉ፣ ለጥቂት ሰከንድ ውሃ ልቀቁበት። ይህን በየሲኒው ነው። በሳምንት አንዴ ማጣሪያውን ለቡና ማሽን በተዘጋጀ ማጽጃ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት። የሚወጣውን ጥቁር ስታዩ እስካሁን ምን ስጠጣ ነበር ትላላችሁ።

ዋናው ጠላት ግን ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። የሻይ ማፍያችሁን ውስጥ እዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማሽናችሁም እየያዘ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ በሁሉም ሰፈር አንድ አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ለስለስ ያለ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድን ይበዛበታል። ማፍያችሁ በቶሎ የሚነጣ ከሆነ የተጣራ ወይም ማዕድኑ ዝቅተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ለባትሪ የሚሆነውን ውሃ ግን አታስገቡ።

በየሁለት ሦስት ወሩ ማሽኑን ከኖራው ማጠብ ያስፈልጋል። መመሪያ ደብተሩ የፈቀደውን ማጠቢያ ብቻ ተጠቀሙ። እኔ አቸቶ ሞከርኩ፤ ቡናው ለአንድ ሳምንት ሰላጣ ሰላጣ አለ።

እማዬን የጠራኋት ቅዳሜ እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ ሲኒውን ጨረሰችው። ትንሽ አሰበችና «ቶናውስ?» አለች። ማሽን ቶና የለውም፤ ሌላ 18 ግራም ፈጭቶ እንደገና መጀመር ነው። ፈጨሁላት። ስለዚህ የመጨረሻው መመሪያዬ ይኸው ነው፤ ቤት የመጣው እንግዳ ከአራት ከበለጠ ማሽኑን አጥፉ፣ ከሰሉን አቀጣጥሉና ጀበናውን ጣዱ።